ያላየሁትን እንዴት ልፈርም?

በአሜሪካ የበረራ ሕግ ውስጥ ቁጥር ያልተጻፈበት አንድ ቦታ አለ። ሌላው ሕግ በቁጥር የታጠረ ነው። የግል አብራሪነት ፈቃድ የሚፈልግ ሰው በተለመደው መንገድ ቢያንስ 40 ሰዓት መብረር አለበት። ሰው ለማሳፈር ባለፉት 90 ቀናት ውስጥ ሦስት ጊዜ ተነሥቶ ሦስት ጊዜ ማረፍ ይጠበቅበታል። በየ24 ወሩ ደግሞ ቢያንስ አንድ ሰዓት በምድር፣ አንድ ሰዓት በአየር ከአስተማሪ ጋር ይከልሳል። ይኸው አብራሪ ከለመዳት ቀላል አውሮፕላን ወደ ተወሳሰበችው ሲሸጋገር ግን ቁጥሩ ይጠፋል። ጎማዋ ወደ ሆዷ የሚታጠፍ፣ ፍላፕ ያላት፣ የፕሮፔለሯ ምላጭ በበረራ ላይ አንግሉን የሚለውጥ አውሮፕላን «ኮምፕሌክስ» ትባላለች። ሞተሯ ከ200 የፈረስ ጉልበት በላይ ከሆነ ለብቻው ሌላ ፊርማ ይጠየቃል። አንቀጽ 61.31 ለሁለቱም የሚለው ተመሳሳይ ነው፤ አብራሪው ሥልጣን ካለው አስተማሪ በምድርም በአየርም ይማር፣ አስተማሪው ብቁ ሆኖ ያግኘው፣ ከዚያም በሎግቡኩ፣ ማለትም በበረራ መዝገቡ፣ ላይ አንድ ጊዜ ይፈርምለት። ስንት ሰዓት ተምሮ? አልተጻፈም። ፊርማው የሚያልቅበት ቀንስ? እሱም የለም። አንድ ጊዜ ከተፈረመ እስከ ዕድሜ ልክ ይጸናል።

እኔ በሰሜን ቨርጂኒያ፣ በማናሳስ አየር ማረፊያ የበረራ አስተማሪ ነኝ። በልጅነቴ በዲቁና አገልግያለሁ፤ አባቴም የድጓ ሰው ነበሩ። ስለዚህ ያን አንቀጽ ባነበብሁ ቁጥር ሕጉን አልፎ የሚመጣብኝ ጥያቄ አለ። አንድ ሰው ስለ ሌላው ሰው «ብቁ ነው» ብሎ ስሙንና የፈቃድ ቁጥሩን ሲያሰፍር፣ በእግዚአብሔርም በሰውም ፊት ምን እያደረገ ነው? ምስክር ሆኗል ወይስ ዋስ? ምስክር ያየውን ይናገራል፤ ቃሉ ስላለፈው ነው። ዋስ ስለሚመጣው ይቆማል፤ የተዋሰለት ሰው ቢጠፋ ዕዳው እሱ ላይ ይወድቃል። በእኛ አገር ሁለቱን ማንም አያምታታቸውም። ለምስክርነት የተጠራ ሰው ጋቢውን ደርቦ ይሄዳል፤ ለዋስትና ሲጠየቅ ግን ቤቱን ሳያማክር አዎ አይልም።

በረራ ለማያውቅ አንባቢ፣ ነገሩ ምን ያህል እንደሚለወጥ ልንገር። ብዙ ሰው የሚማርባት ሴስና 172 ጎማዋ እንደተዘረጋ የሚቀር ነው፤ አብራሪው ሊረሳው አይችልም። ወደ 120 ኖት ትጓዛለች። ከእሷ ወጥቶ ቢችክራፍት ቦናንዛ ላይ የሚቀመጥ ሰው፣ 36 ሞዴሏን ልውሰድ፣ ወደ 170 ኖት በምትሄድ 300 የፈረስ ጉልበት ባላት አውሮፕላን ውስጥ ራሱን ያገኛል። ፊቱ ሦስት መቆጣጠሪያ ተደርድሯል። ጥቁሩ የጋዝ፣ ሰማያዊው የፕሮፔለር፣ ቀዩ የነዳጅና የአየር ድብልቅ ነው። ጉልበት ሲጨምር መጀመሪያ ሰማያዊውን፣ ቀጥሎ ጥቁሩን ወደ ፊት ይገፋል፤ ሲቀንስ በተቃራኒው ጥቁሩን ያስቀድማል። ቅደም ተከተሉን ካገላበጠ ሞተሩን ያለ ልኩ ያስጨንቀዋል። ጎማውን የሚያወርደው የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። ሞተሩ እምቢ ካለ ከፊት ወንበሮች ኋላ ያለውን እጀታ 50 ጊዜ ያህል በእጁ ማዞር አለበት፤ ያውም አውሮፕላኑን እያበረረ፣ አንገቱን ጠምዞ። ጎማዎቹ ወርደው ሲቆለፉ ሦስት አረንጓዴ መብራቶች ይበራሉ።

ከእነዚህ አንዱም ለብቻው ለእጅ አይከብድም። አሥራ ስድስት ዓመት የሞላው ልጅ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ማንቀሳቀስ ይማራል። የሚከብደው ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲመጡ፣ ከማማው ያለው ሰው በሬዲዮ ሲናገር፣ ከኋላ የተቀመጠ ሕፃን ሲያለቅስ፣ ዐይን ማየቱን እንዳይተው ማድረግ ነው። ለዚህም ከማረፍ በፊት በቃል የሚባል ቅደም ተከተል እናስተምራለን፤ ነዳጅ፣ ጎማ፣ ድብልቅ፣ ፕሮፔለር፣ ቀበቶ። እያንዳንዱን ማየት፣ መንካት፣ ከዚያ መናገር። ጎማ ላይ ሲደርስ አብራሪው መብራቶቹን ተመልክቶ «ሦስት አረንጓዴ» ይላል። በሥራዬ ከዚህ ሁለት ቃል ይልቅ የሚያሳስበኝ ነገር የለም።

በማኅበረሰባችን የታወቁ አንድ ሰው አሉ። ስማቸውን አልጠራም፤ ጋሼ እያልሁ ልቀጥል። አሜሪካ በገባሁበት ዓመት ማንም ቤት አላከራየኝ ሲል፣ ውሉ ላይ ዋስ ሆነው የፈረሙልኝ እሳቸው ናቸው። በኋላ መብረር ተማሩ፣ ቀጥሎም ቦናንዛ ገዙ፤ የሽግግር ትምህርቱን ከእኔ ጋር ጀመሩ። እጃቸው ጥሩ ነው። ነፋስ ሲገፋቸው አይደነግጡም፣ ማረፋቸውም ለስላሳ ነው። ወደ ማገባደጃው ላይ፣ ከኩልፔፐር በኩል ስንመለስ፣ ከግራ በኩል የሚመጣ አውሮፕላን እንዲፈልጉልኝ ጠየቅኋቸውና ፊታቸውን ሲያዞሩ የጎማውን ሞተር ሰርኪት ብሬከር ሳብሁት። እንዲህ ያለው ፈተና የተለመደ ነው። ዝርዝሩን ጀመሩ። ነዳጅ አሉ፣ ነኩት። የጎማውን መቆጣጠሪያ ወደ ታች አደረጉና «ሦስት አረንጓዴ!» አሉ፤ ድምፃቸው ከፍ ያለና የማያጠራጥር ነበር። ሰሌዳው ላይ አንድም አረንጓዴ አልበራም። ጎማ ሲወርድ አውሮፕላን ይከብዳል፣ ፍጥነትም ይቀንሳል፤ ያም አልሆነም። ጋዙን ገና ብዙ ስላልቀነሱ የማስጠንቀቂያው ጡሩምባ አልጮኸም። ዝርዝሩን ጨርሰው ወደ ማረፊያው መውረዳቸውን ቀጠሉ።

«ጋሼ፣ አረንጓዴዎቹን ያሳዩኝ» አልኋቸው።

ጣታቸው ወደ ሰሌዳው ተዘርግቶ አየር ላይ ቀረ። ዙሩን ትተን ወደ ላይ ወጣን፣ እጀታውን እሳቸው አዞሩ፣ መብራቶቹ በሩ፣ አረፍን። መሬት ላይ ሞተሩን ካጠፉ በኋላ ሎግቡካቸውን አውጥተው ሰጡኝ።

«ቅዳሜ አትላንታ የእህቴ ልጅ ሠርግ አለ። ባለቤቴና ልጆቹ ሻንጣቸውን ከትተዋል። በል ልጄ፣ ፈርምልኝ።»

«ጋሼ፣ ትንሽ ይቀረናል።»

«ስንት ሰዓት ነው የሚቀረኝ? ቁጥሩን ንገረኝና ዛሬም ነገም በርሬ ልጨርሰው።»

«ቁጥር የለውም።»

«ቁጥር ከሌለው አንተ በምን ታውቀዋለህ?» አሉኝ። ዝም ስል ጨመሩ፤ «እኔ ያን ጊዜ ላንተ ስፈርም ቁጥር ጠይቄሃለሁ?»

ሁለቱም ጥያቄዎች ትክክለኛ ናቸው፤ እስከ ዛሬም ይዣቸው እኖራለሁ። የመጀመሪያውን በምመልስበት ጊዜ ወደ አባቴ እሄዳለሁ። አባቴ ድጓውን ያስመሰከሩት በጋይንት ቤተልሔም ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት አንድ ሰው ድጓ በየትም ደብር ሊማር ይችላል፤ መምህር ለመሆን ግን ቤተልሔም ወርዶ በዚያ ባሉት መምህር ፊት መቆም አለበት። ዝማሬና መዋሥዕት የተማረ ዙር አምባ ይሄዳል። የአንዱ ምስክርነት ለሌላው አይሆንም፤ በድጓ የተመሰከረለት ሊቅ አንድ ሌሊት እንኳ በዝማሬ መምህር ነኝ አይልም። ስንት ዓመት ተቀምጦ? ይህም አልተወሰነም። አንዱ ቶሎ ይጨርሳል፣ ሌላው ጸጉሩ ሸብቶ ይመለሳል።

መምህሩ በምን ያውቁ ነበር? አባቴ እንደነገሩኝ፣ ተማሪው ዜማውን እንደ ጅረት ሲያወርደው ዝም ብለው ይሰሙና ድንገት ያስቆሙታል። ከዚያ ከመካከል፣ ካልጠበቀው ቦታ፣ «ከዚህ በል» ይሉታል። ዜማውን በልማድ የያዘው እዚያ ላይ ይሰበራል፤ አፉ ወደሚያውቀው መሥመር ይሸሻል። ከፊደሉ በላይ የተቀመጠውን ምልክት ዐይኑ የሚያነበው ግን ከየትም ይነሣል። የሁለቱ ድምፅ ከመጀመሪያው አንድ ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ ምናልባትም የልማደኛው ያምር ይሆናል። ልዩነቱ የሚታየው በተቋረጠበት ቦታ ብቻ ነው። እኔም ሰርኪት ብሬከሩን የምስበው ለዚሁ ነው። ጋሼ «ሦስት አረንጓዴ» ያሉት ለማታለል አልነበረም። አፋቸው ከዐይናቸው ቀደመ፤ ያላዩትን መሰከሩ። እኔስ ያን ካየሁ በኋላ «ብቁ ሆነው አግኝቻቸዋለሁ» ብዬ ብፈርም ምን እሆን ነበር? ያላየሁትን እመሰክር ነበር። ልዩነታችን እሳቸው ሳያውቁት፣ እኔ እያወቅሁት መሆኑ ነው።

በሐሰት መመስከርን የሚከለክለው ትእዛዝ ከዐሥሩ አንዱ ሆኖ ሳለ፣ እኛ ብዙ ጊዜ የምናስበው ባልንጀራን ለመጉዳት የሚነገረውን ሐሰት ብቻ ነው። ፍርድ ቤት ቆሞ ንጹሑን ሌባ ማለት። ባልንጀራን ለማስደሰት የሚነገረውን ሐሰት እንደ ደግነት እንቆጥረዋለን። በማኅበረሰባችን ይህ በይሉኝታ ልብስ ይመጣል። ሰውየው ታላቅ ናቸው፣ ውለታ አለባችሁ፣ እሑድ ቅዳሴ ላይ ትገናኛላችሁ፣ የዕድር ሰብሳቢ ናቸው፤ እንዴት «አልበቁም» ይባላል? ለሥራ ማመልከቻ የድጋፍ ደብዳቤ የጻፈ፣ ለልጅ የክርስትና አባት የሆነ፣ ለጋብቻ ሽማግሌ የተላከ ሁሉ ይህን ጫና ያውቀዋል። ሐዋርያው ጳውሎስ ጢሞቴዎስን ሲመክር ይህን ያወቀው ይመስለኛል። ዲያቆናቱ አስቀድመው ይፈተኑ አለው፤ አዲስ አማኝ በትዕቢት ተነፍቶ እንዳይወድቅ አትሹመው አለው፤ በማንም ላይ እጅህን ለመጫን አትቸኩል፣ አለዚያ በሌላው ሰው ኃጢአት ትተባበራለህ አለው። የመጨረሻው ምክር ከባድ ነው። የሿሚው እጅ ከተሿሚው ሥራ እንደማይለይ ይናገራል።

እዚህ ላይ የጋሼ ሁለተኛው ጥያቄ ይመጣል። እሳቸው ሳያዩኝ ፈርመውልኛል። ደመወዜን አላዩም፣ አመሌን አላወቁም፤ አበሻ መሆኔንና መቸገሬን ብቻ አይተው ስማቸውን አኖሩ። ታዲያ እኔ ለምን በሰፈሩልኝ ቁና አልሰፍርላቸውም? ይህን ብዙ አስቤበታለሁ፤ የደረስሁበትንም እነሆ። ዋስ የሆነ ሰው የሚያስይዘው የራሱን ነው። ኪራዩን ባልከፍል ከጋሼ ኪስ ይወጣ ነበር። ስለዚህ የእሳቸው ፊርማ ልግስና ነበር፤ ልግስና ደግሞ ማስረጃ አይፈልግም። እኔ ለእሳቸው ብፈርም የማስይዘው የማንን ነው? ቅዳሜ ማለዳ ከኋላ ወንበር የሚቀመጡትን ሁለት ሴት ልጆች ነው። ልጆቹ የእኔ አይደሉም። ነገሩ ቢበላሽ የምከፍልበት ምንም የለኝም። ፈቃዴን ቢነጥቁኝ፣ ብታሰር፣ ዕድሜዬን ሙሉ ባለቅስ ዕዳው አይከፈልም። መክፈል የማይችል ሰው ዋስ ሊሆን አይገባውም። ስለዚህ የቀረልኝ ቦታ የምስክር ብቻ ነው፤ የምስክር ዋጋ ደግሞ ያየውን ያህል፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ መናገሩ ነው። የሌላውን ሰው ሕይወት አስይዞ ለጋስ መሆን አይቻልም።

ይህን ሁሉ ያን ቀን በዚህ መልክ አልነገርኋቸውም። «ጋሼ፣ ያየሁትን ነው የምፈርመው፤ አረንጓዴውን ግን አላየሁም» ብቻ አልሁ። ሎግቡካቸውን ይዘው ሄዱ። ሌላ ቦታ፣ ሌላ አስተማሪ ፈረመላቸው፤ ቅዳሜም ቤተሰባቸውን ይዘው አትላንታ ደርሰው በሰላም ተመለሱ። እስከ ዛሬ ይበራሉ፤ አንዳች ነገር አልደረሰባቸውም፣ እግዚአብሔርም ይጠብቃቸው። ሰላምታችን አልተቋረጠም። ይህን አይተው አንዳንድ ሰዎች «ታዲያ ምን ሆኑ? አንተ ነህ ያጋነንኸው» ይሉኛል።

ይህ ክርክር ከሁሉም ይበልጥ አደገኛ ነው ብዬ አምናለሁ። የምስክርነት እውነት በኋላ በሆነው አይለካም። ያላየውን አየሁ ያለ ሰው፣ ነገሩ በአጋጣሚ እንዳለው ሆኖ ቢገኝ እንኳ፣ የመሰከረው በሐሰት ነው። ጎማ ሳይወርድ «ሦስት አረንጓዴ» የሚል አብራሪ አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይሆንም፤ ምክንያቱም ጎማው አብዛኛውን ጊዜ ይወርዳል። ሞተሩ በሠራ ቁጥር የሐሰት ቃሉ እንደ እውነት ይቆጠርለታል፣ ልማዱም ይጠነክራል። መዘዙ የሚመጣው አንድ ቀን ነው፤ በዚያን ቀን ከብዙ ዓመት በፊት የፈረመው አስተማሪ ስም በደበዘዘ ቀለም በአንድ ገጽ ላይ ይገኛል። የእግዚአብሔር ትዕግሥት ሥራችን ትክክል ለመሆኑ ማረጋገጫ ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም።

አንዳንዶች መፍትሔው ቁጥር ማስገባት ነው ይላሉ፤ ሕጉ 15 ወይም 25 ሰዓት ብሎ ይቁረጥና አስተማሪውም ከይሉኝታ ይገላገል። ሐሳቡን አልንቀውም። የኢንሹራንስ ድርጅቶችም ብዙውን ጊዜ በተወሳሰበ አውሮፕላን ላይ የተወሰነ ሰዓት ከአስተማሪ ጋር ካልተበረረ ውል አይገቡም። ሚትሱቢሺ ኤምዩ-2 የተባለችው ባለ ሁለት ተርቦፕሮፕ አውሮፕላን ለዚህ ትልቅ ማስረጃ ናት። ክንፏ አነስተኛ ነው፤ ወደ ጎን የምታጋድለው እንደ ሌሎቹ በኤለሮን ሳይሆን በስፖይለር ነው፤ ከሌላ አውሮፕላን የመጣ አብራሪ ልማዱን ይዞባት ሲገባ ብዙ ሰው አለቀባት። የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2008 ለእሷ ብቻ ልዩ ደንብ አወጣ። ይዘቱና መጠኑ የተወሰነ ሥልጠና፣ አንድ ወጥ የፍተሻ ዝርዝር፣ በየዓመቱ የሚታደስ ትምህርት ግዴታ ሆነ። ከዚያ በኋላ አደጋው በግልጽ ቀነሰ። አውሮፕላኗ ያችው ነበረች፤ የተለወጠው ትምህርቱ ነው። ቁጥርና ሥርዓት ሰው ያድናሉ፤ ይህን መካድ አይገባም።

ግን ቁጥር ብቻውን አይመሰክርም። እ.ኤ.አ. በየካቲት 3 ቀን 1959፣ አዮዋ ውስጥ ክሊር ሌክ አጠገብ፣ ዘፋኙን በዲ ሆሊንና ሁለት ጓደኞቹን የያዘች ቦናንዛ በሌሊት በበረዶ መካከል ወደቀች። አብራሪው የ21 ዓመት ወጣት ነበር። ከ700 ሰዓት በላይ በርሯል፤ ከዚህ ውስጥ ከ120 በላይ የሚሆነው በቦናንዛ ነው። ከሚጠየቀው ቁጥር ሁሉ በላይ ማለት ነው። በመሣሪያ ብቻ ለመብረር ግን ፈቃድ አልነበረውም። መርማሪዎቹ ሌላም ነገር ጻፉ፤ በዚያች አውሮፕላን ላይ የነበረው የአቋም ማሳያ፣ ስፔሪ ኤፍ3 የሚባለው፣ የአፍንጫን ከፍ ዝቅ ማለት የሚያሳየው እሱ ከተማረበት መሣሪያ በተቃራኒ ነበር። ከፍ ያለ ሲመስለው ዝቅ ብሎ ይሆናል። ከሰባት መቶው ሰዓት ውስጥ በዚያ መሣሪያ ፊት አንድ ሰው አጠገቡ ተቀምጦ፣ ውጭውን ሸፍኖ፣ «ይህ መሣሪያ አሁን ምን እያለህ ነው?» ብሎ የጠየቀበት አንድ ሰዓት ቢኖር ኖሮ ብዬ አስባለሁ።

የምስክርነት ድንበርስ የት ላይ ያበቃል? አንዳንድ አስተማሪዎች ከፍርሃት የተነሣ ለማንም አይፈርሙም፤ ተማሪውን ያለ ምክንያት ያመላልሱታል፣ ገንዘቡንም ይጨርሳሉ። ያም ሐሰት ነው፤ ያዩትን ብቃት አላየንም ማለት። በዚህ ነገር ላይ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 16 ቀን 1999 የሞተው የፕሬዚዳንቱ ልጅ፣ ትንሹ ጆን ኬኔዲ፣ ሁልጊዜ ትዝ ይለኛል። ፓይፐር ሳራቶጋ አውሮፕላኑን ከገዛ ጥቂት ወራት ብቻ ሆኖት ነበር። የ300 የፈረስ ጉልበት ባለቤት፣ ጎማዋ የሚታጠፍ ናት። ፊርማዎቹ ሁሉ ነበሩት፤ አንዱን በ1998፣ የኮምፕሌክሱን ደግሞ በ1999 ግንቦት አግኝቷል። በዚያች ሌሊት በጭጋጋማ አየር፣ በባሕር ላይ፣ ሚስቱንና እህቷን ይዞ ወደ ማርታስ ቪንያርድ ሲሄድ አቅጣጫው ጠፋበትና ወደቀ። በፌዴራሉ የምርመራ ዘገባ ውስጥ አንድ መሥመር አለ፤ ከአስተማሪዎቹ አንዱ በዚያች ሌሊት አብሬህ ልሂድ ብሎት ነበር፣ እሱ ግን ብቻውን ሊያደርገው እንደሚፈልግ መለሰ።

ያን አስተማሪ አላውቀውም፤ ግን ስለ እሱ ጸልዬአለሁ። በነቢዩ ሕዝቅኤል መጽሐፍ ጉበኛው ሰይፍ ሲመጣ አይቶ መለከት ካልነፋ የሟቹ ደም ከእጁ ይፈለጋል፤ ነፍቶ ሰሚው ካልተጠነቀቀ ግን ደሙ በራሱ በሰሚው ላይ ይሆናል፣ ጉበኛውም ነፍሱን ያድናል። አስተማሪው አጠገብህ እቀመጣለሁ ብሏል፤ ለእኔ ይህ መለከት መንፋት ነው። ከዚህ በላይ ሰው ለሰው ምን ማድረግ ይችላል? እግዚአብሔር ለሰው ነፃ ፈቃድ ሰጥቶታል፤ አስተማሪ ይህን ሊወስድበት አይችልም። የእኔ ፊርማ ሰውየው ወደፊት የሚመርጠውን አይሸፍንም፤ የዛሬ አየሩን እንጂ የነገውን ጭጋግ አላየሁምና። ይህን ማወቅ ሌሊት እንድተኛ ያደርገኛል። ያየሁትን በትክክል መጻፍና ያላየሁትን ፊት ለፊት መናገር፣ እነዚህ ሁለቱ ግን ከእኔ ይፈለጋሉ።

ሕጉ የተወሳሰበ የሚለውም ነገር እየተለወጠ ነው። የቀድሞዎቹ ባለ ታጣፊ ጎማ ማስተማሪያዎች አርጅተዋል። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ለንግድ አብራሪነት የሚዘጋጅ ሰው የሚፈለግበትን 10 ሰዓት ትላልቅ ስክሪንና አውቶፓይለት ባለው ዘመናዊ አውሮፕላን ሊሞላው ተፈቅዶለታል። ሲረስ ኤስአር22 የምትባለው 310 የፈረስ ጉልበት አላት፤ ጎማዋ ስለማይታጠፍ ግን በሕጉ አነጋገር ኮምፕሌክስ አትባልም። ውስጧ የገባ ሰው የሚያየው የመረጃ ብዛት አባቴ የቤተልሔም ድጓ ላይ ካዩት ምልክት አያንስም። ሕግ አውጪው ማሽኑን ተከትሎ ስም ሲያወጣ ሁልጊዜ ጥቂት ይዘገያል። በመካከሉ ያለውን ክፍት ቦታ የሚሞላው አጠገቡ ተቀምጦ የሚያይ ሰው ነው። ለዚህም ነው ያ ቁጥር የሌለበት አንቀጽ ለእኔ የሕግ ክፍተት የማይመስለኝ፤ ለሕሊና ታስቦ የተተወ ቦታ አድርጌ እቀበለዋለሁ።

የማልስማማበት አንድ ነገር አለ፤ ፊርማው ለዘላለም መሆኑ። በዚያን ዓመት ያየሁት እውነት የዚያ ዓመት እውነት ነው። ሰው ያረጃል፣ ይረሳል፣ ሥራ ይበዛበታል፤ ክረምቱን ሙሉ አውሮፕላኑ ሃንጋር ውስጥ ቆሞ ይከርማል። በየሁለት ዓመቱ የሚደረገው ክለሳ በቀላሏ ሴስና ሊፈጸም ስለሚችል፣ አንድ ሰው የጎማውን እጀታ ሳይነካ ዐሥር ዓመት ሊቆይ ይችላል፤ በወረቀት ግን አሁንም ብቁ ነው። ይህ ሊታረም የሚገባው ነው።

በዋሽንግተን፣ በአትላንታ፣ በዳላስ፣ በሌላውም ከተማ አውሮፕላን ገዝታችሁ ቤተሰብ የምታመላልሱ ወገኖች እየበዛችሁ ነው፤ ደስ ይለኛል። አንድ ነገር ልለምናችሁ። ለበዓልና ለሠርግ ቤተሰባችሁን አሳፍራችሁ ከመነሣታችሁ በፊት በዚያው ሳምንት አስተማሪ ይዛችሁ ውጡ፤ ዘመዳችሁ ያልሆነ፣ ውለታ የሌለበት ሰው ቢሆን ይሻላል። ጎማውን ያበላሽባችሁ፣ ስክሪኑን ያጥፋባችሁ፣ ከመካከል ያስጀምራችሁ። አስተማሪዎችም፣ ታላቅ ሰው ሎግቡክ ሲዘረጋላችሁ እስክሪብቶውን ከማንሣታችሁ በፊት ያያችሁትን አስቡ። ሚስቶችና ባሎችም፣ አውሮፕላኑ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት መጨረሻ ከአስተማሪ ጋር የበረረው መቼ እንደሆነ ጠይቁ፤ ጥያቄው አያስነውርም። አስተማሪው አልፈርምም ካላችሁ ደግሞ አትቀየሙት፤ ምን እንዳላየ ጠይቁትና ያንኑ አሳዩት።